የትንንሾቹ ሞተሮች ሕግ

ባለቤቴ ንግግር አይሆንለትም። ልወቅሰው ብዬ አይደለም፤ በትዳር በኖርንባቸው ሃያ ምናምን ዓመታት ለሁለታችንም ስናገር የኖርኩት እኔ ነኝ። የባንኩን ሰው፣ የልጃችንን አስተማሪ፣ ጣራችንን አድሳለሁ ብሎ ይበልጥ እንዲያፈስ ያደረገውን ኮንትራክተር የተጋፈጥኩት እኔ ነኝ። እሱ አጠገቤ ቆሞ ራሱን ይነቀንቃል። አንድ ቀን ብቻ፣ የኮሎራዶ ሕግ አውጪዎች ፊት፣ ማይክ ከፊቱ ተደቅኖ፣ ከእኔ የተሻለ ነገር ተናገረ። ያን ዕለት ግን እንኳን ላደንቀው፣ በከረባቱ ጎትቼ ባወጣው ደስ ይለኝ ነበር።

በፈረንጆቹ የሁለት ሺዎቹ አጋማሽ ላይ ነው፤ ልጃችን ሀይስኩል የገባችበት ዓመት። ዴንቨር ዳር፣ ሞንትቤሎ ሰፈር የገዛናት ቤት ሁለት መኪና የምታስገባ ጋራዥ አላት፤ መኪና ግን ገብቶባት አያውቅም። ባለቤቴ አገር ቤት ሳለ የጤና ጥበቃ ሠራተኞች ገጠር ለገጠር የሚዞሩባቸውን ሞተር ብስክሌቶች ይጠግን ነበር። ዴንቨር ስንመጣ ግን ሁለታችንም ዳውንታውን ፓርኪንግ ገባን። እኔ በአንዱ ሕንጻ፣ እሱ በሌላው፣ ቁም ሳጥን በምታክል የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ቲኬት ስንቀበል አሥር ዓመት ሄደ። ከዚያ የእሱ ሕንጻ ባለቤቶች ራሱ የሚያስከፍል ማሽን ተከሉና አሰናበቱት። እኔ ማሽኑንም የተከሉትንም ስራገም፣ እሱ "ውስጡን ከፍተው አሳይተውኛል፣ በጣም ንጹሕ ሥራ ነው" ይለኛል። እንዲህ ዓይነት ሰው ነው።

ክረምቱን ሙሉ ቤት ዋለ። ሳህን ያጥባል፣ በረዶ ይጠርጋል፣ ዜና ያያል፣ ተመልሶ ያንኑ ዜና ያያል። ከሥራ ስገባ ሶፋው ላይ ጥዋት የተውኩት ቦታ አገኘዋለሁ። ሰው ቤቱ ተቀምጦ እንዴት እንደሚያንስ ያየሁት ያን ክረምት ነው። ሳናግረው "እህ?" ይላል፤ ሦስት ጊዜ ካልደገምኩለት አይሰማኝም። በጣም ፈርቼ ነበር፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም።

ያዳነው የጎረቤት ሣር ማጨጃ ነው። አጠገባችን የሚኖሩት ጡረተኛ አሜሪካዊ፣ ሣር ማጨጃቸው አልነሳ ብሏቸው ደጃፋቸው ላይ ሲሳደቡ ሰማና ሄዶ አስነሳላቸው። በሳምንቱ የወንድማቸውን ልጅ ፎር ዊለር አመጡለት። ለማያውቀው ሰው፣ ፎር ዊለር ማለት ሞተር ብስክሌትና ትራክተር ተጋብተው የወለዱት ነገር ነው። አራት ወፋፍራም ጎማ አለው፣ እንደ ሞተር ብስክሌት ያፈናጥጡታል፣ አስፋልት ላይ አይነዳም። ኮሎራዶ ውስጥ ሰዉ ቅዳሜ ቅዳሜ በትሬለር እየጫነ ወደ ተራራው ይወስደውና ጭቃ ለጭቃ ሲጋልብበት ውሎ ይመጣል። መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ፣ ምን ቆርጦት ሰው ጭቃ ፍለጋ ይሄዳል ብዬ ገርሞኝ ነበር።

የልጆችም አለ። መጫወቻ ይመስላል እንጂ ቤንዚን የሚጠጣ፣ እውነተኛ ሞተር ያለው ነው። ወላጅ ይገዛል፣ ልጅ በሁለት ዓመት ያድግበታል፣ ከዚያ ከቤት ኋላ ተጥሎ ቤንዚኑ ካርቡሬተሩ ውስጥ ደርቆ ይቀራል። የባለቤቴ ሥራ እነዚህን የተጣሉ ትንንሽ ሞተሮች በርካሽ እየገዛ፣ ፈታትቶ አጥቦ፣ ነፍስ ዘርቶ መሸጥ ሆነ። ትልልቆቹ ወደ ትልልቆቹ ሱቆች ነው የሚሄዱት፤ ለእሱ የሚደርሱት ትንንሾቹ ናቸው። ፒዮሪያ መንገድ ላይ ካለው ጎማ ቤት ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ። እኔም ክልክል መሆኑን እያወቅሁ አንዱን የፓርኪንግ ክፍሌ መስታወት ላይ ለጠፍኩለት።

ሰውዬው ተመለሰልኝ። ጥዋት ጋራዡ ውስጥ ሲያፏጭ ይሰማኛል። ጥፍሩ ሥር ግሪስ ገብቶ ለምሳ ሲመጣ እጠየፈዋለሁ፣ በልቤ ግን ደስ ይለኛል። ካርቡሬተር ስለሚባል ነገር ግማሽ ሰዓት ያወራልኛል፤ የማወራው እኔ፣ የሚሰማው እሱ የነበረው ቤት ተገለበጠ። ሥራው የሚያስገባው ገንዘብ ትልቅ አልነበረም። እኔ የፈለግሁት ያን ፉጨት ነበር።

እኔ የምሠራበት ሕንጻ የወርቅ ጉልላት ካለው የምክር ቤት ሕንጻ ብዙ አይርቅም። ከደንበኞቼ አንዱ እዚያ ለአንድ ሕግ አውጪ ጸሐፊነት ነገር የሚሠራ፣ አረንጓዴ መኪና የሚነዳ ትሁት ወጣት ነበር። በቀጣዩ ዓመት በረዶው ገና ሳይለቅ፣ አንድ ጥዋት ቲኬቱን ሲሰጠኝ ማስታወቂያዬን አነበበ።

"ያንቺ ቢዝነስ ነው?" አለኝ።

"የባለቤቴ ነው።"

ፊቱን ቅጭም አደረገ። "እንግዲያ ስለ ረቂቅ ሕጉ ሰምታችኋላ?"

አልሰማንም። ቆሞ አስረዳኝ፤ ከኋላው ያሉት መኪናዎች ጡሩምባቸውን ያስጮኻሉ። ከአስፋልት ውጪ በሚነዱ መኪናዎች ላይ ሕግ ሊወጣ ነው። ረቂቁ ብዙ አንቀጽ አለው፤ ስለ ታርጋ፣ ስለ ድምፅ፣ የትኛው ጫካ ውስጥ እንደሚገባና እንደማይገባ። እኛን የሚነካው አንዱ ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የሚሆን ሞተር፣ አዲስም ሆነ አሮጌ፣ መሸጥ ይከለከላል።

ክው አልኩ። መጀመሪያ ማሽን፣ አሁን ደግሞ ሕግ። ሶፋው ታየኝ።

"ደብዳቤ ለማን ነው የሚገባው?" አልኩት።

"ደብዳቤም ይቻላል፤ ግን ራሳችሁ መጥታችሁ ተናገሩ። ስምሽን ትጽፊያለሽ፣ ሦስት ደቂቃ ይሰጥሻል።"

"ማን ይፈቅድልኛል?"

"ማንም። መምጣት ብቻ ነው" አለኝ። አላመንኩትም። በነጋታው ሲመጣ ደግሜ ጠየቅሁት።

ማመልከቻ መጻፍ እችላለሁ። አገር ቤት ቀበሌ ጽሕፈት ቤት አራት ዓመት የሠራሁት በከንቱ አይደለም። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ወረቀት ዘረጋሁና ግራ ዳር "ለኮሎራዶ ሕግ አውጪ ምክር ቤት"፣ ከሥሩ "ዴንቨር"፣ መሀል ላይ ደግሞ "ጉዳዩ፦ የእንጀራ ገመዳችን እንዳይበጠስ ስለመጠየቅ" ብዬ ጀመርኩ። ልጃችን ወደ እንግሊዝኛ መለሰችልኝ። "ከእግራችሁ ሥር ወድቄ" የሚለው ጋ ስትደርስ እስክሪብቶውን አስቀመጠች።

"ማሚ፣ ዩ ካንት ሴይ ዛት። ዴይ ወርክ ፎር አስ።"

"ለእኛ የሚሠሩ ከሆነ ለምን እነሱ አይመጡም?" አልኳት። ዓይኗን ወደ ጣራው ሰቀለችና ዓረፍተ ነገሩን ሰረዘችው።

ሁለት ወረቀት አዘጋጀን፤ አንድ ለእሱ፣ አንድ ለእኔ። የእሱ አጭርና ቀላል ነው። አገር ቤት ምን ይሠራ እንደነበር፣ ፓርኪንጉ እንዴት እንዳሰናበተው፣ በእጁ ሠርቶ መብላት እንደሚፈልግ ይናገራል። ክርክሩ ያለው የእኔ ላይ ነው። በተለይ በአንዱ አንቀጽ ኮርቼ ነበር። "ባለቤቴ ሄልሜት ሳይጨምር አንድም ሞተር ሸጦ አያውቅም። ጥፋቱ የሞተሩ አይደለም፤ ልጁን የማይጠብቅ ወላጅ ነው" ይላል። ልጄን ሦስት ጊዜ አስነበብኳት። የምድጃውን ሰዓት ሦስት ደቂቃ ላይ እየሞላን ማታ ማታ ተለማመድን። እኔ ሁልጊዜ ሰዓቱ ይጮህብኛል፤ እሱ ሁልጊዜ በአንድ ደቂቃ ይጨርሳል።

"አንተ ሰውዬ፣ ቀስ በል! የሁለት ደቂቃ መብትህን ለማን ትተዋለህ?"

"ለአንቺ" ይለኛል።

ቀኑ ሲደርስ ፈቃድ ጠየቅሁ። እሱ ለክርስትናና ለሰርግ የሚለብሰውን ሱፍ ለበሰ፣ እኔ ነጠላ ልልበስ አልልበስ ስል ቆይቼ ኮት ደረብኩ። የስብሰባው ክፍል ጢም ብሎ ነበር። የክለባቸው ስም ጀርባው ላይ የተጻፈ ጃኬት የለበሱ ሞተረኞች በአንድ ወገን፣ ጸጥታና ዱር የሚወዱ የተራራ ሰዎች በሌላ ወገን ተቀምጠዋል። በር ላይ ባለው ጠረጴዛ ላይ ስም የሚጻፍበት ወረቀት አለ። ከስሙ ጎን ደጋፊ ወይስ ተቃዋሚ የሚል ሳጥን ነበረው። ተቃዋሚ የሚለው ላይ ምልክት ከማድረጌ በፊት የሚያየኝ ሰው እንዳለ ዞር ብዬ አየሁ። እኔ ባደግሁበት አገር በዚያ ቃል ሥር በገዛ እጁ ስሙን የሚጽፍ ሰው ጤነኛ አይደለም። የባለቤቴንም እኔው ሞላሁለት።

ሁለት ሰዓት ያህል ጠበቅን። አንዱ ይነሳል፣ ሦስት ደቂቃ ይናገራል፣ ሰብሳቢዋ "ስለ ቃልዎ እናመሰግናለን" ትላለች፣ ሌላ ይጠራል። ስለ አጋዘን ተወራ፣ ስለ አቧራ ተወራ፣ ስለ ነጻነት በጣም ብዙ ተወራ። ባለቤቴ ወረቀቱን በአራት አጥፎ ይዞ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያጠናል። አዘንኩለት፤ እጁን ያዝኩት። ከዚያ አንዲት ሴት ተጠራች።

ከተራራው ማዶ ካለች ትንሽ ከተማ የመጣች፣ ከእኔ የምታንስ ቀጭን ሴት ነች። ወረቀት አልያዘችም። ልጄ ስምንት ዓመቷ ነበር አለች። ሞተሩን ለልደቷ አሮጌ ገዝተንላት ነበር። ያን ቀን ሄልሜቱ እንዲገባላት ጸጉሯን ሁለት ቦታ ጎንጉኜ፣ ማሰሪያውን ራሴ አሰርኩላት። አባቷም እኔም አጠገቧ ቆመን ነበር። ሞተሩ የተገለበጠባት ቁልቁለት ከዚህ ጠረጴዛ ቁመት አይበልጥም አለችና የተቀመጠችበትን ጠረጴዛ በመዳፏ ነካ አደረገችው። በዚያው አበቃች። ሦስት ደቂቃዋ ገና አላለቀም ነበር።

"ስለ ቃልዎ እናመሰግናለን" አለች ሰብሳቢዋ። ድምጿ ውስጥ ሐዘን ነበረ፣ እውነቱን ለመናገር። ግን ሴትዮዋ ተነሳች፣ በመሀል መተላለፊያ ብቻዋን ሄደች፣ ከኋላ ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ሰብሳቢዋም የሚቀጥለውን ስም ከወረቀቷ ላይ ፈለገች።

ባለቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። "ማንም አይነሳላትም?"

"ዝም በል፣ አንተ ልትጠራ ነው" አልኩት።

"ይቺ ሴት እኮ ለቅሶ ላይ ነች። ማንም አይነሳላትም?"

እኔም አዝኜላት ነበር። ግን በሆዴ ያለው ሌላ ነው። አሁን ማን ይሰማናል፣ ከእሷ ቀጥሎ መጠራታችን ምን ዓይነት ዕድል ነው እያልኩ ነበር። ስሙ ተጠራ። ሄዶ ማይኩ ፊት ተቀመጠ። ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ፣ ሳይዘረጋው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። በተሰባበረ እንግሊዝኛው የተናገረውን እኔ እንዲህ አስታውሰዋለሁ።

"ልቃወም ነው የመጣሁት። ወረቀቴ ይኸው። ግን በእኛ አገር ልጇ የሞተባት እናት በተቀመጠችበት ቤት ሰው አይከራከርም። ሰው ሁሉ ተነስቶ እግዚአብሔር ያጽናሽ ይላታል፣ አጠገቧ ይቀመጣል። እዚህ ማንም ስላልተነሳ እኔ ልነሳ ነው።"

ተነሳ። ሰብሳቢዋ መነጽሯን አወለቀች።

"ጌታዬ፣ ለመዝገቡ ያህል ብቻ። ደጋፊ ነዎት ወይስ ተቃዋሚ?"

ባለቤቴ ጥያቄውን በደንብ አሰበበት። "አሁን ለቅሶ ላይ ነኝ" አላት።

ከዚያ በመተላለፊያው ሄደ፣ ከሴትዮዋ ፊት ጎንበስ አለ፣ አንድ ነገር አላትና አጠገቧ ቁጭ አለ። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ልክ ሰፈራችን ድንኳን ውስጥ እንደሚቀመጠው። ሰው ሁሉ ዞሮ ያየዋል። ደሜ ፈላ። ስንት ማታ የተለማመድነውን፣ የእሱን ኑሮ፣ የእሱን ፉጨት፣ ለማያውቃት ሴት ትቶት ሄደ! በዚህ ላይ የሚቀጥለው ስም የእኔ ነው።

እኔም ዝም ማለት እችል ነበር። "ባለቤቴ እንዳለው ነው" ብዬ መመለስ እችል ነበር። ግን ተናገርኩ። ንዴቱ አንደበቴን ፈታውና እንደዚያ ቀን እንግሊዝኛ ተሳክቶልኝ አያውቅም። ፓርኪንጉን ነገርኳቸው፣ ማሽኑን ነገርኳቸው፣ ሰው በእጁ ሠርቶ ሲያድር ምን እንደሚመስል ነገርኳቸው። ከዚያ ያ የኮራሁበት አንቀጽ መጣ። ዓይኔ አስቀድሞ አየው። መዝለል እንዳለብኝ አውቄያለሁ፤ ግን ለሳምንታት በቃሌ የያዝኩት ነገር ነውና አፌ ቀደመኝ። ሄልሜት ሳይጨምር ሸጦ አያውቅም። ጥፋቱ የሞተሩ አይደለም፤ ልጁን የማይጠብቅ ወላጅ ነው።

ወደ ኋላ አልዞርኩም። ስጨርስ ባለ ጃኬቶቹ አጨበጨቡልኝ፣ ሰብሳቢዋ ማጨብጨብ ክልክል ነው አለች። አንዱ ጢማም ሞተረኛ ወደ ወንበሬ ስመለስ አውራ ጣቱን ቀሰረልኝ። ሰዓቴን ሳይ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሦስት ደቂቃ በታች ጨርሻለሁ።

ድምፅ ሲሰጥ ረቂቁ ወደቀ። ያን ያህል ቀላል ነው፤ ሕግ አውጪዎቹ እያንዳንዳቸው ስማቸው ሲጠራ አዎ ወይም አይ አሉ፣ አይ ያሉት በዙ። ነገሩ በእኔ ንግግር የተወሰነ አይመስለኝም፣ ግን ከመካከላቸው ሁለቱ ሲናገሩ እኔን ጠቅሰዋል። "ሠርተው ለሚያድሩ እንደነዚህ ላሉ ቤተሰቦች" አሉ። አሸነፍን ማለት ነው።

ኮሪደሩ ላይ ባለቤቴ ከሴትዮዋ ጋር ቆሞ አገኘሁት። እጁን በሁለት እጇ ይዛዋለች። እኔን ስታይ ዓይኗ ላይ ቁጣ ፈለግሁ፤ ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

"ጥሩ ተናገርሽ" አለችኝ። "ባልሽን በጣም እንደምትወጂው ያስታውቃል።"

ለጠላት እንኳ የሚባለውን፣ እግዜር ያጽናሽ የሚለውን ቃል ልላት እየፈለግሁ፣ ከዚያ ንግግር በኋላ ከየት አፌ ይውጣ? "አመሰግናለሁ" አልኳት። አመሰግናለሁ! ኮቷን ለብሳ ወደ ደረጃው ሄደች። ከዚያ ወዲያ አይቻት አላውቅም፤ የት እንደምትኖርም ልጠይቃት አልደፈርኩም።

አውቶቡስ ውስጥ ባለቤቴ ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ። መልሴንም አዘጋጅቼ ነበር። ለማን ብዬ ነው፣ ለአንተ ብዬ አይደለም ወይ፣ አንተማ መነኩሴ ሆነህ ታርፋለህ ልለው ነበር። እሱ በመስኮት ውጪ ውጪውን ያያል። ሞንትቤሎ ልንደርስ ስንል "ልጅቷ ሁለት የፊት ጥርሷ ገና እየወጣ ነበር አሉ" አለኝ።

ከዚያ በኋላም ሥራውን አላቆመም። ጥዋት ጋራዥ ይገባል፣ ይፈታል፣ ይገጥማል። ትንንሾቹን አስነስቶ ሲጨርስ ግን ወደ ውስጥ፣ ግድግዳው ጥግ ገፋ ያደርጋቸዋል። ትልልቅ ሞተርና ሣር ማጨጃ የሚያመጣ እንዳለ ሰው መጠየቅ ጀመረ። ስለ ትንንሾቹ የሚደውል ሲመጣ ስልኩን ለእኔ ይሰጠኛል፤ ሽጪ አይለኝ፣ አትሽጪ አይለኝ። ይሄ ነው ያናደደኝ። ቁርጡን ቢነግረኝ እጣላው ነበር። ተከራክሬ ያስጣልኩትን ነገር እኔው እንድጨርሰው ትቶልኛል።

ሚያዝያ ውስጥ፣ ቅዳሜ ቀን፣ እሱ አጠገባችን ወዳለችው አውሮራ ከተማ ክርስትና ተጠርቶ ሄዶ እኔ ብቻዬን ጋራዡን ስጠርግ አንድ የእኛው አገር ልጅ መጣ። ታክሲ ነጂ ነው፤ ማስታወቂያውን ጎማ ቤት አይቶ። ሴት ልጁን ይዟታል። ስድስት፣ ቢበዛ ሰባት ዓመት ይሆናታል፤ ሮዝ ቦት ጫማ አድርጋለች።

"እንደምን ዋሉ፣ እትዬ። የልጆች ፎር ዊለር አለ ብለውኝ ነው። ጓደኛዬ ከከተማ ወጣ ብሎ መሬት ገዝቷል፣ ልጆቹ ሁሉ እዚያ ይነዳሉ፤ ይቺ ደግሞ ጨቀጨቀችኝ።"

እሱ ሳይጨርስ እሷ ጥግ ያለውን ቀዩን አይታው ሮጣ ወጣችበት። እጇ መሪውን ያዘ። እግሯ ማሳረፊያው ላይ አልደረሰም፣ ተንጠለጠለ።

"አይሠራም" አልኩ። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። "ገና አልተጠገነም።"

"እስቲ ልየው" አለና የማስነሻውን ገመድ አንዴ ሳብ አደረገው። በመጀመሪያው ተነሳ። የባለቤቴ እጅ እንደዚያ ነው፤ አንድ ጊዜ ነክቶ የለቀቀው ነገር አያሳፍርም፣ እኔን ግን አሳፈረኝ። ጋራዡ በድምፁ ተሞላ። ልጅቷ በደስታ ጮኸች። ተንደርድሬ ሄጄ አጠፋሁት።

ሰውዬው ግራ ገብቶት ያየኛል። "እትዬ፣ ምነው? ሌላ ሰው ቀብድ ከፍሎበታል?"

"አይደለም።"

"ሕግ ወጣ እንዴ? ሊከለክሉ ነው ሲባል ሰምቼ ነበር።"

"አልወጣም። ወድቋል። ከጣሉት አንዷ እኔ ነኝ።"

"ታዲያ?"

ሄልሜት እንዳለው፣ አጠገቧ እንደሚቆም፣ መሬቱ ሜዳ እንደሆነ ሊነግረኝ ነው። ሁሉም እውነት ይሆናል። ፊቱን ሳየው ልጁን የማይጠብቅ ወላጅ አልነበረም። እንዲያውም ጃኬቷ ተከፍቶ አይቶ፣ እያወራኝ ጎንበስ ብሎ ዚፑን ወደ ላይ ይስብላታል።

"አልሸጥልህም፣ ወንድሜ" አልኩት። "ቅር አይበልህ። ሌላ ቦታ ታገኛለህ፣ ከእኔ እጅ ግን አይሆንም።"

"ዳዲ፣ ዋይ ኖት? አስክ ሀር!" አለች ልጅቷ።

"አስክ አድርጌያታለሁ፣ ማሬ። ነይ ውረጂ" አላት። መሪውን ይበልጥ ጨበጠች። ሁለት ጊዜ ጠራት፣ አልወርድም አለች። እሱም ተቆጥቶ፣ እኔንም ታዝቦ ወደ መኪናው መራመድ ጀመረ። ስለዚህ ያወረድኳት እኔ ነኝ። ጣቶቿን አንድ በአንድ ከመሪው አላቀቅሁ፤ በብብቷ ይዤ አነሳኋት። እንደዚያ ትቀላለች ብዬ አላሰብኩም። መሬት ሳስቀምጣት እሪ ብላ አለቀሰች፣ በቦት ጫማዋ ቅልጥሜን ረገጠችኝ፣ እያለቀሰች አባቷ ጋ ሮጠች።

መኪናው ውስጥ ሆና ለቅሶዋ እስከ መንገዱ ጫፍ ይሰማኝ ነበር። መጥረጊያዬን ይዤ ጋራዡ በር ላይ ቆምኩ። ታልቅስ አልኩ፤ ታልቅስ፣ እቤቷ እስክትገባ፣ እራቷ እስኪቀርብ ታልቅስ።